ስለ ፊት ብጉርና በአፍ ስለሚዋጠው ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት



በዚህ ወርኃዊ ጽሑፋችን ስለ ውሃ ማፍላት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራርና ስለ ዝንብ መከላከል ስንጽፍ ኖረናል። የዛሬውን አርእስት የተመለከተ ሰው፣ «ደግሞ ስለ ብጉር ምን ይጻፋል? ብጉር የጉርምስና ምልክት ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይጠፋል» ይል ይሆናል። እኛም ቀድሞ ከዚህ ብዙ ያልራቀ አሳብ ነበረን። ነገር ግን ለምክር ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጡ ወጣቶች በኪሳቸው ይዘውት የሚመጡትን መድኃኒት ደጋግመን ካየን በኋላ አሳባችንን ለወጥን። ከብጉሩ ይልቅ ያሳሰበን ለብጉሩ ተብሎ የሚዋጠው ነገር ነው።

አንድ ቀን ጧት አንዲት የ19 ዓመት ልጃገረድ ከእናቷ ጋራ መጣች። ነዋሪነታቸው በጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። ልጅቱ የራስ ልብሷን እስከ ዓይኗ ድረስ ሸፍናዋለች። እናቲቱ ተቀምጠው ጥቂት ካረፉ በኋላ፣ «ዶክተር ልጄ፣ ኒካዋ ሊታሰር ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ይህች ልጅ ግን በሰው ፊት አልቀመጥም ብላኛለች» አሉን። ዶክተር ሳንሆን የጤና መኮንን መሆናችንን ብንነግራቸውም አልተቀበሉንም። «እናቴ፣ እስኪ እስካሁን ምን ምን እንዳደረገች ያሳዩን» ብንላቸው፣ መሐረባቸውን ፈትተው ሦስት ነገር በጠረጴዛችን ላይ ዘረገፉ።

የመጀመሪያው እኩሌታው የተበላ የአሞክሲሲሊን ካፕሱል ነበረ። ሁለተኛው ስሙም፣ የተሠራበትም ቀን በማይታወቅ ወረቀት የተጠቀለለ ልቅ ካፕሱል ነው፤ በካፕሱሉ ላይ የታተመውን ጽሕፈት ስናነበው ዶክሲሳይክሊን ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ካርቶን የሌለው የቅባት ቱቦ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ክሎቤታዞል የሚባል ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ሦስቱም የተገዙት ያለ ሐኪም ማዘዣ ነው። የመጀመሪያውን ያመለከተቻት ጎረቤት ናት፤ ሁለተኛውን ባለ ሱቁ መረጠላት፤ ሦስተኛውን የክፍል ጓደኛዋ ሰጠቻት።

አወሳሰዷንም ጠየቅናት። ዶክሲሳይክሊኑን የምትውጠው ማታ ስትተኛ፣ በአንድ ጉንጭ የግመል ወተት ነበረ። ፊቷ ለስለስ ያለላት ሲመስላት ታቆማለች፤ ሲብስባት እንደገና ትጀምራለች። ከዚያም ምራቋን በዋጠች ቍጥር ከደረቷ መካከል እንደ እሳት ያቃጥላት ጀመር። ቅባቱ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷን አጥርቶ፣ በሁለተኛው ወር ጉንጯንና አገጯን በጥቃቅን ቀያይ እብጠት አለበሰው። ይህች ልጅ የሠራችው ስሕተት ሁሉ ከእርሷ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ በአራተኛም፣ በሸዋ በርም፣ በመኪና ግርግርም የምናገኛቸው ወጣቶች የሚነግሩን ከዚህ የሚመሳሰል ነው። ስለዚህ ለእርሷ በቃል ያስረዳናትን እነሆ ለሁሉም በጽሑፍ እናቀርባለን።

ብጉር ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እናስረዳ። በቆዳችን ውስጥ ከጠጉር ሥር አጠገብ ቅባት የምታመነጭ ታናሽ ዕጢ አለች። ዕጢይቱ የምታወጣው ቅባት ቆዳን ያለሰልሳል፣ ከድርቀትም ይጠብቃል። ልጅ ለአካለ መጠን መድረስ ሲጀምር በደሙ ውስጥ የሚጨምሩት ሆርሞኖች፣ ይልቁንም አንድሮጅን የሚባሉት፣ ይህችን ዕጢ ያነቃቋታል። ሴቶችም ልጆች ከዚህ ሆርሞን ድርሻ ስላላቸው ብጉር የወንድ ጉርምስና ብቻ አይደለም። ቅባቱ ሲበዛ፣ የሞተውም የቆዳ ቅርፊት ሲጨመርበት፣ ቀዳዳው ይደፈናል። የተደፈነው ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ሰው ይህን እድፍ ነው ብሎ ያስባል፣ ነገር ግን ጥቁረቱ ከአየር ጋራ ከመገናኘትና ከቆዳው ቀለም የመጣ እንጂ ከእድፍ አይደለም። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ሁሉ የሚኖር አንድ ረቂቅ ተሐዋስ ይራባል። ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኔስ ሲሉት ቆይተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ኪውቲባክቴሪየም አክኔስ የሚል አዲስ ስም ሰጥተውታል። ሰውነታችን ይህንን መራባት ሲቃወም ቆዳው ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ተሐዋሱ በብጉር ውስጥ ካሉት አራት ምክንያቶች አንዱ ብቻ መሆኑን ነው። የቅባት መብዛት፣ የቀዳዳ መደፈንና የቆዳ መቆጣት አብረውት አሉ። ብጉር እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተሐዋሱንም ከቆዳችን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ብናጠፋውም አይጠቅመንም።

እንግዲህ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ለብጉር መሰጠት እንዴት ተጀመረ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ቤንጃሚን ደጋር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ቦታ ከተወሰደ አፈር ባገኘው ሻጋታ መሰል ተሐዋስ አማካይነት ኦሬዎማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለዓለም አስታወቀ። ቴትራሳይክሊን ለሚባለው የመድኃኒት ዘር የመጀመሪያው ይህ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የቆዳ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ለብርቱ ብጉር መስጠት ጀመሩ። ዶክሲሳይክሊን የመጣው በዚያው አቆጣጠር በ1967 ሲሆን፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚበቃ በመሆኑ ቀስ በቀስ የቀድሞውን ቴትራሳይክሊን ቦታ ያዘ። እነዚህ መድኃኒቶች ተሐዋሱን ከመግታታቸው በላይ የቆዳውን ቁጣ ራሱን ያበርዳሉ፤ ለብጉር ከሌሎቹ ፀረ ተሐዋስያን ተመርጠው የሚሰጡትም ስለዚህ ነው። ያች ልጅ የወሰደችው አሞክሲሲሊን ግን ለብጉር የተለመደ መድኃኒት አይደለም። ለሳንባ ምችና ለጆሮ ሕመም የሚያገለግለውን ለብጉር መዋጥ፣ የበሩን መክፈቻ ለሳጥን እንደ መሞከር ነው።

እኛ በውጭ አገር በተማርንበት ትምህርት ቤት አንድ አረጋዊ መምህር፣ በእርሳቸው የወጣትነት ዘመን ለብጉር ተብሎ ቴትራሳይክሊን ለአንድ ዓመት፣ ለሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይታዘዝ እንደ ነበረ ያለ ምንም ማፈር ነግረውናል። ዛሬ ይህ ልማድ ቀርቷል። ያስቀረውም የሚከተለው ነው።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945፣ አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኖቤል ሽልማት በተቀበለበት ንግግር፣ ፔኒሲሊን ማንም ከሱቅ የሚገዛው ነገር በሆነ ጊዜ ያላወቀ ሰው ከሚገባው መጠን አሳንሶ እየወሰደ ተሐዋስያኑን መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋቸዋል ሲል አስጠንቅቆ ነበር። የብጉሩም ተሐዋስ ከዚህ አላመለጠም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤሪትሮማይሲንና ክሊንዳማይሲን የማይበግሩት የብጉር ተሐዋስ በአሜሪካ ታየ፤ ከዚያም በብዙ አገር ተገኘ። ከዚህም የሚከፋ አለ። በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ከጉንጭ ብጉር ደርሶ የሚቆም አይደለም፤ በአንጀት፣ በጉሮሮ፣ በአፍንጫ፣ በቆዳ ሁሉ ያሉትን ተሐዋስያን ይነካል። በዚያ የሚኖሩት መድኃኒቱን ከለመዱ፣ ነገ ለሳንባ ምች፣ ለሽንት ቧንቧ ሕመም ወይም ለቁስል መመረዝ መድኃኒት ሲፈለግ ሥራውን የሚያሰናክሉት እነርሱ ናቸው። በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት ገምተዋል።

የሐረር ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ቢሲዲሞ የሚባለውን ቦታ የማያውቅ የለም። በ1957 በጀርመን አገር በዉርዝቡርግ ከተማ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው በዚያው በቢሲዲሞ ነው። በዚያን ዘመን ለሥጋ ደዌ የነበረው መድኃኒት ዳፕሶን ብቻ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ለብዙ ዓመት፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ ይውጠው ነበር። ብዙዎች ተስፋ አግኝተውበታል። ዳሩ ግን አንድ መድኃኒት ብቻውን ለረጅም ዘመን፣ አንዳንዴም እየተቋረጠ ሲወሰድ ተሐዋሱ ለመደው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተደረገው ጥናት ዳፕሶን የማይበግረው የሥጋ ደዌ በአገራችን እንዳለ አሳየ። ከዚህ በኋላ በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ሁለትና ሦስት መድኃኒት ባንድነት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ አዘዘ፤ በሽታው በየአገሩ የተቀነሰው በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህን ታሪክ ለዚያች ልጅ እናት ስናወራላቸው፣ «ታዲያ ብጉርና ያ በሽታ ምን ያገናኛቸዋል?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበረ። በሽታዎቹ አይገናኙም፤ የመድኃኒቶቹ ሕግ ግን አንድ ነው። እንዲያውም ለብርቱ ብጉር ከሚሰጡት የቴትራሳይክሊን ወገኖች አንዱ የሆነው ሚኖሳይክሊን፣ ለሥጋ ደዌም በተለዋጭነት የሚያገለግል መድኃኒት ነው። ዶክሲሳይክሊንም ቢሆን የብጉር ብቻ አይደለም። በቅማል የሚተላለፉትን ተስቦንና ግርሻን ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን መጠን የሚያድን እርሱ ነው፤ ለኮሌራም ከሚሰጡት አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ ከባሌ ጀምሮ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተው ኮሌራ ትዝ የሚለው ሰው፣ ይህ ካፕሱል የሚሠራ ሆኖ መቆየቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ያስተውላል።

ይህን ሁሉ ስንል መድኃኒቱን አትውሰዱ ማለታችን አይደለም። ለብርቱ ብጉር፣ ፊትን፣ ደረትንና ጀርባን ለሚሸፍን፣ ጠባሳም ለሚያስቀር ብጉር፣ ዶክሲሳይክሊን ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ጠባሳ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነውና ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም። እንዲሁም ብጉር ልብን ይጎዳል፤ ከትምህርት ቤት የቀሩ፣ ከጓደኛ የራቁ፣ መስተዋት ከቤታቸው ያስወጡ ወጣቶች አጋጥመውናል። ወላጆች «ስታገቢ ይጠፋል» ብለው ማላገጣቸውን ቢተዉ መልካም ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ በሥርዓት መወሰድ አለበት። ቀላል ብጉር ያለበት ሰው ከቶ የሚዋጥ ፀረ ተሐዋስያን አያስፈልገውም። ለእርሱ በፊት ላይ የሚቀባ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ወይም አዳፓሊን ይበቃዋል። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ተሐዋሱን የሚገድለው በኦክስጅን ኀይል ስለ ሆነ፣ ተሐዋሱ ሊለምደው አልቻለም፤ ጥቅሙም በዚህ ነው። ከ100 እጅ 2.5 ወይም 5 የሆነው መጠን ለአብዛኛው ሰው በቂ ሲሆን፣ የበረታው ፊትን ያቃጥላል እንጂ የተሻለ ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ሳንነግራችሁ እንዳናልፍ፦ ይህ ቅባት ቀለም ያለውን ልብስ ያነጣል። አንድ ወጣት የእኅቱን አዲስ የራስ ልብስ በፎጣ ፈንታ ተጠቅሞበት ከቤት ጠብ ገብቶ ነበር።

ብጉሩ ብርቱ ሲሆን ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ያዝዛል፤ የተለመደው መጠን ለአዋቂ በቀን 100 ሚሊግራም ነው። ካፕሱሉ ግን ብቻውን አይታዘዝም። በላዩ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ወይም አዳፓሊን፣ ወይም ሁለቱም በፊት ላይ ይቀባሉ። ካፕሱሉ ሲቆም ፊቱን ጠብቆ የሚያቆየው ይህ ቅባት ስለ ሆነ፣ ቅባቱ ካፕሱሉ ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። የካፕሱሉ ጊዜ ሦስት ወር ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ፊቱን አይቶ ይወስናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ አይታይም። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራልኝም» ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት መዝለል ከሁሉ የበዛው ስሕተት ነው። በጣም የከፋውና የቋጠረው ብጉር ደግሞ አይሶትሬቲኖይን በሚባል ሌላ መድኃኒት ይታከማል፤ ይህ ግን በፅንስ ላይ ብርቱ ጉዳት ስለሚያደርስ ያለ ቆዳ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ አይነካም።

አሁን ወደ አወሳሰዱ እንመለስ፤ በዚህ ላይ ብዙ የምንለው አለንና።

ካፕሱሉ የሚዋጠው ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተኛት አይገባም። ይህን ያልጠበቀ ሰው ካፕሱሉ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል፤ የዚያች ልጅ ደረት የተቃጠለው በዚህ ምክንያት ነበረ። በከተማችን የውሃ ችግር መኖሩን እናውቃለን። ለብዙ ዘመን ውሃችን የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደርቆ ምን ያህል እንደ ተቸገርን የማይረሳ ነው። ቢሆንም ለአንድ ካፕሱል አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ከየትም አይጠፋም።

ወተትን በሚመለከት፣ የቴትራሳይክሊን ዘሮች በወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋራ ተጣብቀው ከአንጀት ወደ ደም ሳይገቡ ይቀራሉ። ለቀድሞው ቴትራሳይክሊን ይህ ብርቱ ነው፤ ዶክሲሳይክሊን እምብዛም ባይጎዳም ከጥቅሙ ይቀነሳል። የላምም ሆነ የግመል ወተት፣ ወተት የተጨመረበት የቡና ቅጠል ኩቲም ቢሆን፣ ከካፕሱሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። የደም ማነስ እንክብል፣ ማለት ብረት ያለበት፣ እንዲሁም ለጨጓራ ማቃጠል የሚወሰደው መድኃኒት እንደዚሁ ነው። ሆድ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካፕሱሉን ከምግብ ጋራ ሊወስደው ይችላል። ጫትን አስመልክቶ፣ በየመን በተደረገ ጥናት ጫት እየተቃመ የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደ ተቀነሰ ታይቷል። ስለዚህ በሐረርጌ ያለ ሰው ማንኛውንም ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ከጫት ሰዓት አርቆ ቢወስድ ጥንቃቄ ነው።

ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ በቀላሉ ይቃጠላል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆንዋ ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ በቀትር ጥላ፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ያስፈልጋል። ሴቶች የማሕፀን በር ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ሊታይባቸው ይችላል፤ ይህ ሲሆን ማፈር ሳይሆን ለሐኪም መንገር ይገባል። ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋራ የመጣበት ሰው ካፕሱሉን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሕይወት ፋናም፣ የጀጎል ሆስፒታልም ቅርብ ናቸው።

እርጉዝ ሴትና ከ8 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ይህን መድኃኒት ለብጉር አይወስዱም። የቴትራሳይክሊን ዘር በሚያድግ ጥርስና አጥንት ላይ ይቀመጣል፤ ጥርስንም ለዘለቄታው ቢጫና ቡናማ ያደርጋል። የዚያች ልጅ እናት፣ «ከሠርጉ በኋላም ትቀጥለው?» ብለው ጠየቁን። አይሆንም አልናቸው። እንግዲህ ሦስቱ ወር ለእኛም ለእርሷም ልክ ነበረ፤ ካፕሱሉ ከኒካው ቀን በፊት ማለቅ ነበረበት። አዳፓሊኑም እርግዝና ሲታሰብ ይቆማል፤ ቤንዞይል ፐሮክሳይዱ ግን ሊቀጥል ይችላል።

ስለ ስቴሮይድ ቅባት አጥብቀን እንናገራለን። ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን ለሌላ የቆዳ በሽታ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ናቸው። ፊትን ያጠራል ተብሎ መቀባት ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያጋልጣል፣ የራሱንም ብጉር ያወጣል። ሲያቆሙትም ፊት ስለሚቆጣ ሰው እንደገና ወደ ቱቦው ይመለሳል። ያች ልጅ ይህን ቅባት ስታቆም ሁለት ሳምንት ያህል ፊቷ ብሶባት ነበር፤ አስቀድመን ስለ ነገርናት ታገሠች።

ከቤታችን ልማድም የሚነሣ አለ። በራስ ላይ የሚቀባው ቅቤ ሲቀልጥ ወደ ግንባር ይወርዳል፤ በግንባርና በጆሮ ግንድ ላይ ብቻ የሚወጣ ብጉር ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ቅቤ መቀባት ይቅር አንልም፤ ግንባር ላይ እንዳይወርድ ይታሰር፣ የራሱም ልብስ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። እናቶቻችን ከቁርቁራ ቅጠል የሚያዘጋጁት ቀሲል ፊትን እንደ ሳሙና የሚያጥብ ነገር ነው፤ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ ብለው ቢታጠቡበት አንቃወምም፣ በብርቱ ማሻሸት ግን ብጉሩን ያስቆጣዋል። ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጠባሳ የሚያስቀረው ይህ ነው።

ለባቢሌ ለውዝም ጥቂት እንሟገትለት። «ለውዝ ብጉር ያወጣል» የሚለው አነጋገር በአገራችን የተለመደ ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኘንም። ይልቅ በጥናት የተጠረጠረው ስኳር የበዛበት መጠጥና ጣፋጭ፣ እንዲሁም ወተት አብዝቶ መጠጣት ነው። ከጫት ጋራ የሚጠጣው ለስላሳና አምስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ቢቀነስ ጥርስም ይጠቀማል።

ከብጉር ያልሆነም አለ። በፊትና በጆሮ ላይ የማያሳክክ፣ የማያምም፣ ለወራት የቆየ እብጠት፣ ወይም ስሜት የሌለው የገረጣ ቦታ ያየ ሰው ብጉር ነው ብሎ አይናቀው። የሥጋ ደዌ በዚህ መልክ ሊጀምር ይችላል፤ ቶሎ ከታወቀ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ስለ ሆነ መመርመር ይገባል።

መድኃኒት ቤት ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂት ቃል አለን። ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል፤ ይህንን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ደንበኛ ሲለምን እምቢ ማለት እንደሚከብድ አይጠፋንም። ግን ከካርቶኑ ወጥቶ በወረቀት የሚጠቀለለው ካፕሱል ቀኑ ስለማይታወቅ ለመርዝ ቅርብ ነው። በ1963 የአሜሪካ ሐኪሞች፣ ዘመኑ ያለፈና የተበላሸ ቴትራሳይክሊን የዋጡ ሰዎች ኩላሊታቸው እንደ ታመመ ጽፈዋል። በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። የካፕሱሉን ዱቄት አውጥቶ በብጉርም ሆነ በቁስል ላይ መነስነስ የተለመደ ቢሆንም አይጠቅምም፤ ተሐዋስያንን ለመድኃኒቱ ከማስለመድ በቀር ሥራ የለውም።

ያች ልጅ በሐኪም ታዝዞላት ዶክሲሳይክሊንና ቅባቱን በሥርዓት ወሰደች። በአራተኛው ሳምንት መጥታ ምንም ለውጥ የለም ብላ አለቀሰች። በስምንተኛው ሳምንት አዲስ እብጠት መውጣት አቆመ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ስናያት፣ በጉንጯ ላይ የጠቆረ ምልክት ቢቀርም እብጠቱ ጠፍቶ ነበር፤ የጠቆረው ቦታ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ ነገርናት።

በዚያን ቀን ካፕሱሉን አቁሙ ስንላቸው፣ ልጅቱ የረሳቻቸው ቀኖች ስለ ነበሩ ስድስት ካፕሱል ተርፎ ነበር። እናቲቱ መሐረባቸውን ቋጥረው፣ «ይህን ለልጅ ልጄ አደርገዋለሁ፣ ከሰነበተበት ሳል ያድነዋል» አሉን። ዕድሜው ስንት ነው ብንላቸው፣ አራት ዓመቱ ነው አሉ። ስለ ጥርሱ እንደገና ነገርናቸው፤ ሳሉም በዚህ የሚድን መሆኑን ማንም እንዳላየ አስረዳናቸው፤ ሕፃኑንም እንዲያመጡልን ለመንናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው አምስቱን በጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። ስድስተኛው ጠፍቷል አሉን። በማግሥቱ ጧት ልጅቱ ሕፃኑን በእጇ ይዛ መጣች፤ የራስ ልብሷን ከፊቷ ገልጣ ነበር፤ ስድስተኛውንም ካፕሱል ከመዳፏ አውጥታ ሰጠችን።